የአሥራ አንድ ደወል

ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤ መርከብ የለም ዛሬ።
ተንደር ቤይ ተኝታ፣ እኔ ከማሽኑ ጋር ቁጭ ብዬ አድሬ፣
የሰማሁት ዜና ይህች ብቻ ናት በቃ፦
ጎተራ ሰባት ላይ፣ የአቧራ ሴንሰር፣ አንዲት ትንሽ ዕቃ፣
ሁለት ክንድ ከፍ ብላ ታሰረች ጠብቃ።

ድሮ ቢሆን ኖሮ፣
ለአንዲት ምስማር ብሎ ቤት የሚያፈርስ አናጢ ነበረን ተቀጥሮ፤
ሞዴሉን፣ ያን ሥዕል፣ ከጥግ እስከ ጥግ እያነበበ፣
የማሽኖቹን ሕግ ከመሠረት እየገነባ፣ እየደረበ፣
አራት ሰዓት ሙሉ።
ያልተነካው ሁሉ፣
አሥራ ሦስት ጎተራ፣ ሁለት መቶ ሞተር፣ በሩ፣ መዘውሩ፣ ደወሉ፣
እንደ አዲስ ይወለድ ነበር በየሌሊቱ፤
እንደ አዲስም ይሞት ነበር የቬይኮ የእጅ ጽሕፈቱ።

ቬይኮ ኤሌክትሪሻን ነው፤ የፊን ዘር፣ እዚሁ የተወለደ፣
ሠላሳ አራት ክረምት በእነዚህ መሰላሎች የወጣ፣ የወረደ።
ሕጉ መሃል ገብቶ ሥዕሉ የማያውቀውን ያክላል
በሁለት ጣት ፊደል እየለቀመ፣ ጥሬ እንዳየች ዶሮ፤
ጠዋት ሲመጣ ግን ያጣዋል፤ ተጠርጎ፣ ተሰውሮ።
«የጻፍኩትን» አለኝ አንድ ቀን፣ ጓንቱን እያወለቀ፣
«ስንት ጊዜ ልጻፈው? ማነው ሌሊት ሌሊት የሚመጣ፣ እጄን እየፋቀ?»

አፈርኩ።
ማሽኑን በዚያው ሳምንት እንደ ልጅ መከርኩ፦
«ሁሉን አትንገረኝ፤ የትናንቱን አውቃለሁ።
ለምታበጀው ለእያንዳንዱ ነገር ቀጭን ክር እሰር፤
ይህ ከዚያ እንደመጣ፣ ማን ማንን እንደወለደ፣ ዱካው እንዲኖር።
ነገ አንዱ ቢነቃነቅ፣ ክሩ ወደሚመራህ ብቻ ሂድ፤
የተኛን አትቀስቅስ፣ የቆመን አትናድ።»

መጨመር ቀላል ነው፤ አዲስ በር ሲሣል አዲስ ሕግ ይከተላል።
መለወጥም ቀላል፤ ስሙ ሲታደስ ቁጥሩ ይታደሳል።
መሰረዝ ነው ጣጣው፤
ወላጅ ከሥዕሉ ሲወጣ፣ ለልጁ መርዶውን ማነው የሚያመጣው?

ዛሬ ያቺ ሴንሰር ሦስት ሰከንድ ፈጀች፤ ጎረቤቷ እንኳ አልሰማም።
ሁለተኛው ሥራ ግን እንዲህ አልተስማማም፦
ጎተራ አሥራ አንድ፣ በበጋው የፈረሰው፣
ከሥዕሉም ይውጣ ተብሏል፤ እኔ ነኝ የምደመስሰው።

ሰረዝኩት።
ክሮቹ ተጎተቱ። አሥራ ሰባት ልጆች ነበሩት።
«የማን ነህ?» «የአሥራ አንድ።» «እንግዲያስ ውጣ።»
አሥራ ስድስቱ ወጡ በተራ።
አሥራ ሰባተኛው ላይ፣ ደወሉ ላይ፣ ማሽኑ ቆሞ ተጣራ፦
«እዚህ የሰው እጅ አለ፤ እኔ ያልጻፍኩት። ላጥፋው ወይስ ልፍራ?»

ከፈትኩት። ያው የዶሮ ለቀማ ነው፦
«ደወሉ የአሥራ አንድ ብቻ አይደለም። የአሥራ ሁለት ቀበቶ ሲግልም የሚጮኸው ይኸው ነው።
ሽቦ ያጠረን ጊዜ ቀጠልነው። ሥዕሉ ላይ የለም። አትንኩ።»

የስንዴ አቧራ እሳት ካገኘ ባሩድ ነው፤ ወደቡ ሁሉ ያውቀዋል።
ያ ቤት አፍራሽ አናጢ ቢሆን ግን ደወሉን ጠርጎ ይጥለዋል፤
ጠዋትም በአረንጓዴ ምልክት «ተሟልቷል» ይለናል።

ቬይኮ ኅዳር ላይ ጡረታ ወጥቷል። ሲነጋ ደወልኩለት፤
በረዶውን በስቶ ዓሣ እየጠበቀ ነበር፤ ነፋስ ይጮኽበት።
«ጽሑፌ አለ?» አለኝ።
«አለ።»
ዝም አለ። ነፋሱ ብቻ።
«በይ እንግዲህ፣ ሥዕሉ ደግሞ ከጽሑፉ ይማር፤
ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው እንዴ ነገር?»

ከአሥራ አንድ ባዶ ቦታ እስከ አሥራ ሁለት
ቀጭን መስመር ሣልኩ፤ ደወል አስቀመጥኩበት።
ስሙን አልለወጥኩም፤ ደወል አሥራ አንድ ይባላል፣ ጎተራው በሌለበት።
ላክሁት። ሦስት ሰከንድ። አንዲት መስመር ተነቃነቀች።
የቀረው እንዳለ አለ።

በተረፈኝ ሰዓት ምን እንደምሠራ ገና አላወቅሁም።
መስኮቱ ጋ ቆሜ የበረዶ ጠራጊውን መኪና አያለሁ፣
ትናንት የጠረገውን መንገድ፣
ዛሬም ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ አዲስ ሲጠርግ።